ቤተ መንግሥቱና ማኅሌቱ፦ ከመርጡለ ማርያም እስከ ተድባበ ማርያም

(ድምፅ፦ ጸናጽልና ከበሮ በዝግታ፤ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል)

መርጡለ ማርያም በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ የምትገኝ ጥንታዊ ደብር ናት። ከአባይ ማዶ በአማራ ሳይንት ደግሞ ተድባበ ማርያም አለች። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሁለቱን ከአክሱም ጽዮንና ከጣና ቂርቆስ ጋር አንድ ላይ ይቆጥራቸዋል፤ መሥዋዕተ ኦሪት ይቀርብባቸው የነበሩት አራቱ ቦታዎች እነዚህ ናቸው ይላል። የዜማን ታሪክ የሚያጠና ሰው ግን ሁለቱን አድባራት በሌላ ምክንያት ይፈልጋቸዋል። በ16ኛው መቶ ዓመት የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ለቅዳሴና ለማኅሌት ያወጣው ሀብት፣ ያሰማራውም ሊቅ ዐሻራው ጎልቶ የሚታየው በእነርሱ ነው። በዚህ ዝግጅት የሚነሡት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

በአውሮፓ ከ1600 እስከ 1750 ገደማ ያለው የሙዚቃ ዘመን ባሮክ ይባላል። በዚያ ዘመን አንድ የሙዚቃ ሊቅ ኑሮውን የሚመራው በመስፍን ወይም በንጉሥ ቤት በማደር፣ አለዚያም በከተማ ቤተ ክርስቲያን በመቀጠር ነበር። የሚደርሰውም ሙዚቃ እንደ ጌታው ይለዋወጣል። ጀርመናዊው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1717 ወደ ኮተን ቤተ መንግሥት ሲገባ የቦታው መስፍን የካልቪን እምነት ተከታይ ስለነበር በቤተ ክርስቲያኑ የተራቀቀ ሙዚቃ አይፈለግም ነበር፤ ባኽም በብዛት የደረሰው ያለ ቃል በመሣሪያ ብቻ የሚጫወቱትን ሥራዎች ነው። በ1721 ለአንድ ሌላ መስፍን ያበረከታቸው የብራንደንቡርግ ኮንሰርቶዎች የዚያ ጊዜ ፍሬዎች ናቸው። በ1723 ወደ ላይፕሲክ ከተማ ቤተ ክርስቲያናት ከተዛወረ በኋላ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየእሑዱ ማለት ይቻላል የሚዘመር ካንታታ ማቅረብ ነበረበት። ከእነዚህ ዝማሬዎቹ ወደ 200 የሚጠጉት እስከ ዛሬ ተርፈዋል። በ1733 ከቅዳሴ ድርሰቱ ሁለት ክፍል ወደ ድሬስደን ልኮ ማዕረግ ለመነ፤ የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ደራሲነት ማዕረጉ የተሰጠው በ1736 ነው። ያኔ በጎንደር ዳግማዊ ኢያሱ ከእናቱ ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር ይገዛ ነበር።

እንደ ባኽ በየሳምንቱ አዲስ ዜማ እንዲያመጣ የሚጠበቅበት ሊቅ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት አልነበረም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ዜማዋን በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን ከኖረው ከቅዱስ ያሬድ ተቀብላለች፤ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች ከሰማይ የተገለጡ እንደሆኑ ታምናለች። ተገልጦ የተሰጠ ዜማ ይጠበቃል እንጂ በሌላ አይተካም። ስለዚህ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች እጃቸውን ያስገቡት በሌላ በኩል ነው። ለዜማው አዲስ ቃል ደረሱ፣ የሚዘመርበትን ቤት ሠሩ፣ ዜማው እንዳይጠፋም በጽሑፍ ያዙት።

ቃል በመድረስ ነገሥታቱ ራሳቸው ይታወቃሉ። እግዚአብሔር ነግሠ የሚባለው የምስጋና ድርሰት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደሆነ ይነገራል፤ መልክአ ማርያም ደግሞ ከ1494 እስከ 1508 ለነገሠው ለልጅ ልጁ ለዐፄ ናዖድ ይሰጣል። በመካከላቸው ያሉት እቴጌ እሌኒ ለመርጡለ ማርያም የቀረቡ ናቸው። እሌኒ የሐዲያ ገዥ ልጅ ነበሩ። በበርካታ ነገሥታት ዘመን በቤተ መንግሥት ኖረው፣ ዐፄ ልብነ ድንግል በ1508 ገና በልጅነቱ ሲነግሥ ሞግዚት ሆነው አገር መርተዋል። በ1540 በታተመው የፖርቱጋላዊው ዳሚያኦ ደ ጎይሽ መጽሐፍ ላይ እንደሰፈረው እቴጌይቱ በግእዝ ሁለት መጻሕፍት ደርሰዋል፤ አንደኛው እንዚራ ስብሐት፣ ሁለተኛው ፀዳለ ፀሐይ ይባላል። ሴት ለማኅሌት በማትቆምበት ሥርዓት ውስጥ አንዲት እቴጌ የምስጋና ድርሰት ደራሲ ተብላ ስሟ ባሕር ተሻግሮ በላቲን መጻፉ ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ አገር የዜማ ታሪክ ሲነገር የእሌኒ ስም የሚገባውን ያህል አይነሣም።

የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን በከፍተኛ ወጪ ያሠሩት እሌኒ ናቸው። ትውፊቱ የቤተ ክርስቲያኑን መነሻ ወደ አክሱም ነገሥታት ወደ አብርሃና አጽብሐ ይወስደዋል፤ በጽሑፍ ጎልቶ የሚታወቀው ግን የእሌኒ ሕንፃ ነው። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እቴጌይቱ በጎጃም ስላሠሩት ቤተ ክርስቲያን ጽፏል። መንበሩ በወርቅ የተሠራ ነበር፤ ሥራውንም እንዲመራ የተጠራው ከብዙ ዓመት በፊት መጥቶ በአገሩ የቀረው ፖርቱጋላዊ ፔሮ ደ ኮቪልያ ነው። ከአልቫሬዝ ጋር ከመጡት መካከል አንድ ሠዓሊና ማኑኤል ደ ማሬስ የሚባል የኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። ስለዚህ የአውሮፓ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ በኢትዮጵያ ንጉሥ ሰፈር የተሰማው ባኽ ከመወለዱ ከ160 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያኔ በአውሮፓም ባሮክ ገና አልተጀመረም ነበር።

እሌኒ በ1522 ገደማ ዐረፉ። በ1529 የልብነ ድንግል ጦር ሽምብራ ኩሬ ላይ በአዳሉ መሪ በአሕመድ ግራኝ ተሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት 14 ዓመታት የግራኝ ጦር የደጋውን አገር አድባራት አንድ በአንድ አቃጠለ። የመርጡለ ማርያም ሕንፃም ከፈረሱት አንዱ ነው። ለዜማ የደረሰው ጉዳት ከድንጋይና ከወርቅ ጥፋት የከፋ ነበር። ዜማ በዚያ ዘመን የሚተላለፈው ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ብቻ ነው። ቃሉ በብራና ላይ ቢኖርም ዜማው የሚኖረው በሊቁ ውስጥ ነው። መምህሩ ሲገደል ወይም ሲሰደድ፣ ተማሪውም ሲበተን፣ መጽሐፉ ከእሳት ቢተርፍ እንኳ የሚያዜመው ሰው አይገኝም።

የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ለዜማ የዋለው ትልቁ ውለታ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1540 ነገሠ፤ በ1543 ወይና ደጋ ላይ ግራኝ ከሞተ በኋላ አገሩን መልሶ ማቋቋም ጀመረ። ተድባበ ማርያምንም ሠራ። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል በእርሱ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ በክህነት ትምህርት የበሰሉ ሊቃውንት እንደተነሡ፣ ድጓ በሚባለው የዜማ መጽሐፍ ላይ የሚጻፈውን ምልክት እንደጀመሩና ለተድባበ ማርያም ካህናት እንዳስተማሩ ይመሰክራል። አዛዥ የቤተ መንግሥት ሹመት ነው። እንግዲህ የኢትዮጵያን ዜማ በጽሑፍ የያዙት ሁለቱ ሰዎች ባለሥልጣናትም ሊቃውንትም ነበሩ ማለት ነው። ከድሬስደን ወይም ከኮተን የሙዚቃ አለቃ ጋር ሊነጻጸር የሚችል ሰው ከተፈለገ የሚገኘው እዚህ ነው።

አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያቆሙት ሥርዓት ከአውሮፓው ኖታ በመሠረቱ ይለያል። ኖታ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ይጽፋል፤ ይህኛው ከፍ ያለ፣ ያኛው ዝቅ ያለ፣ ይህ አጭር፣ ያ ረጅም እያለ በመሥመሮች ላይ ያስቀምጠዋል። የድጓ ምልክት ግን ድምፅን አንድ በአንድ አይቆጥርም። የሚያመለክተው ሙሉ የዜማ አካሄድ ነው። አንድ የታወቀ ሐረግ የሚዜምበት መንገድ ይወሰዳል፤ ከሐረጉ አንድ ወይም ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ተቆርጦ ምልክት ይሆናል። ያ ፊደል በሌላ ቃል ራስ ላይ ሲጻፍ አዜሚው ያንኑ አካሄድ እዚያ ላይ ያውለዋል። እንደዚህ ያሉ ምልክቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ለግእዝ፣ ለዕዝልና ለአራራይም የየራሳቸው አሏቸው።

አንድ የድጓ ብራና ተገልጦ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገባል። ዋናው ቃል በጥቁር ቀለም በጉልህ ተጽፏል፤ የበዓሉ ስምና የዜማው ዓይነት በቀይ ቀለም ይለያል። በመሥመሮቹ መካከል፣ ከቃሉ በላይ፣ ደቃቅ ፊደላት እንደ ጉንዳን ተሰልፈዋል። ከእነርሱ ጋር ነጥብ፣ ጭረትና ቅስት የሚመስሉ ሌሎች ምልክቶች ይገኛሉ፤ ስማቸውም ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ እንዲሁም ድርስና አንብር ነው። ድፋት ድምፅን ወደ ታች ያወርዳል፤ ርክርክ ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል፤ ቁርጥ ይቆርጠዋል። መምህራኑ ለእነዚህ ምልክቶች ከክርስቶስ ሕማማት ጋር የተያያዘ ምሥጢር ይሰጣሉ፤ ድፋት ከመስቀሉ በታች የወደቀበትን ያስታውሳል፣ ርክርክ የደሙን መንጠብጠብ። ስለዚህ አዜሚው ምልክቱን ሲያይ ዜማውንም ታሪኩንም አብሮ ያያል።

ይህ አጻጻፍ መምህሩን አያስቀርም። ምልክቱን ያየ ሰው አካሄዱን አስቀድሞ በቃሉ ካልያዘው ፊደሉ ምንም አይነግረውም። ተማሪ በየኔታ ፊት ተቀምጦ እየተከተለ ይቀጽላል፤ ሲሳሳት ይታረማል፤ ማታ የቃል ትምህርቱን ያጠናል። በቀደመው ልማድ ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ የሚማርበትን ድጓ በገዛ እጁ የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ነበር። ከዓመታት በኋላ ድጓውን አድርሶ ሲመረቅ መጽሐፉም በእጁ፣ ዜማውም በልቡ አለ። የአውሮፓ ኖታ ደራሲው በሌለበት ማንም እንዲያነብበው የተዘጋጀ ነው። የጌራና የራጉኤል ምልክት ግን መምህርና ተማሪ ሳይለያዩ እንዲያስታውሱበት የተሠራ ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ ነገር ግን ቀደም ሲል የተማረን ሰው ለማስታወስ ከዚህ የፈጠነና የተቀነበበ መሣሪያ ማሰብ ይከብዳል። በአንድ ፊደል ሙሉ ሐረግ ይመለሳል።

ትምህርቱ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ቅርንጫፍ አወጣ። ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የየራሳቸው የአዜማ መንገድ አላቸው። የድጓ ማስመስከሪያ በጋይንት ያለችው ቤተልሔም ናት፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚባሉት የዜማ መጻሕፍት በዙር አምባ ይመሰከራሉ፤ የአቋቋም ትምህርት የደረጀው ደግሞ በጎንደር ነው።

(ድምፅ፦ ቁም ዜማ፣ ያለ ከበሮ፤ ከዚያ መረግድ)

በማኅሌት የሚያገለግሉት መሣሪያዎች ሦስት ናቸው፤ መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ። ዜማው መጀመሪያ ያለ መሣሪያ ይደርሳል፤ ይህ ቁም ዜማ ነው። ቀጥሎ ያው ቃልና ያው ዜማ በመቋሚያ እንቅስቃሴ ይዘመማል። ከዚያ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ። ከበሮው መጀመሪያ መሬት ላይ ተቀምጦ በርጋታ ይመታል፤ ዜማው እየሞቀ ሲሄድ መቺው በጠፍሩ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይነሣል። በጽፋት ጭብጨባ ይጨመራል፤ ወረብም የራሱ ቦታ አለው። ካህናቱ ቀኝና ግራ ሆነው ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ ይቆማሉ፤ ከአንዱ ወገን የተነሣውን ሌላው ይመልሳል፤ መሪጌታው ይመራል። በአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ድምፆች በአንድ ጊዜ የተለያየ ዜማ ይዘው ይደራረባሉ። እዚህ ግን ሁሉም አንድ ዜማ ይይዛል፤ የሚደራረበው ጊዜው ነው። አንዱ ቃል በቁም፣ በዝማሜ፣ በመረግድ፣ በጽፋት እየተመላለሰ ትርጉሙ እየጠለቀ ይሄዳል።

የቤተ መንግሥቱ መሣሪያዎች ከእነዚህ የተለዩ ነበሩ። ነጋሪት አዋጅ ሲነገር፣ ንጉሥ ሲወጣና ሲገባ ይጎሰማል። መለከት ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ የሌለው ረጅም መሣሪያ ነው። እምቢልታ ደግሞ ርዝመታቸው የተለያዩ ሦስት ዋሽንት መሰል መሣሪያዎች ሆኖ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚሞላው ሦስቱ እየተፈራረቁ ሲነፉ ነው። እነዚህ ወደ መቅደስ አይገቡም። በመካከል ያለው በገና ነው። አሥር አውታር ያለው ይህ መሣሪያ የንጉሥ ዳዊት ቅርስ ተደርጎ ስለሚታይ መኳንንቱና ነገሥታቱ በክብር ይደረድሩት ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በገና ይደረድር እንደነበር ይታወቃል። በአውታሮቹ ሥር የሚገቡት ቁርጥራጭ ጠፍሮች ድምፁን እንዲያገዝፉት ተደርገው ይሠራሉ። በገና ለጸሎት ነው፤ በተለይ በዐቢይ ጾም በቤት ይደረደራል። በማኅሌት ግን ቦታ የለውም።

በ17ኛው መቶ ዓመት ባሮክ ራሱ በመርጡለ ማርያም ደጅ ቆመ። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ስብከት በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበለ። በ1625 ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ገባ፤ የቅዳሴውን ሥርዓት፣ የጾሙንና የበዓላቱን ቀን ወደ ሮም ልማድ መለወጥ ተጀመረ። ሚስዮናውያኑ ወደ እነብሴም መጥተው በእሌኒ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ላይ አዲስ ሕንፃ አቆሙ። በደብሩ ግቢ ዛሬም የሚታዩት፣ ቅጠልና አበባ የተፈለፈለባቸው የተጠረቡ ድንጋዮች የእነዚህ ዘመናት ትራፊዎች ናቸው። በሚስዮኑ ትምህርት ቤቶች ልጆች የአውሮፓን መዝሙር ተማሩ። ከኢየሱሳውያኑ ብዙዎቹ ስለ አገሩ ማኅሌት ሲጽፉ ከበሮውንና ሽብሸባውን ጩኸት አድርገው ቆጠሩት፤ በሁለት ረድፍ የተሰለፈው ሥርዓት ምን ያህል የተጠና እንደሆነ አልታያቸውም።

ሕዝቡ ግን አልተቀበለም። ከብዙ ደም መፍሰስ በኋላ ሱስንዮስ በሰኔ 1632 የቀደመው እምነት እንዲመለስ አዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ሕዝቡ በየመንገዱ በመዝሙር ደስታውን እንደገለጠ የጻፉት ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው ናቸው። ሚስዮናውያኑ ከአገር ወጡ፤ መዝሙራቸውም አብሯቸው ሄደ። በእነብሴ የጠረቡት ድንጋይ ቀርቷል፤ ከዜማቸው ግን በኢትዮጵያ ማኅሌት ውስጥ የገባ ነገር አይሰማም። ለዚህ ከምክንያቶቹ አንዱ ከ70 ዓመት በላይ አስቀድሞ በአባይ ማዶ፣ በተድባበ ማርያም፣ የተሠራው ሥራ ይመስላል። የያሬድ ዜማ በዚያን ጊዜ በምልክት ተጽፎ፣ መምህራኑና ተማሪዎቹ ተባዝተው ነበር። በጽሑፍ የጸናን ዜማ በአዋጅ መለወጥ ከባድ ነው።

ዜማው የማይለወጥ ከሆነ የሊቁ ፈጠራ በምን ይወጣል? መልሱ ያለው በጎጃም ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ ቴዎድሮስ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ የታወቁ የቅኔ ቤቶች ናቸው። ቅኔ በማኅሌትና በቅዳሴ መካከል በተወሰነ ቦታው በያሬድ ዜማ ይቀርባል፤ ቃሉ ግን ለዚያ ቀን፣ ለዚያ በዓል አዲስ መሆን አለበት። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤት መወድስ ድረስ እያንዳንዱ ልኩ የታወቀ ነው። ባለቅኔው ሰሙን ከወርቁ አስማምቶ፣ የቤቱን ልክ ጠብቆ፣ ዜማውን ሳያፈርስ ቆሞ ይዘርፋል። ያው ቅኔ ለሌላ ቀን ቢደገም ባለቅኔውን ያሳፍራል። በላይፕሲክ ባኽ በየሳምንቱ አዲስ ሙዚቃ እንዲያቀርብ ይገደድ እንደነበረ ሁሉ የጎጃም ባለቅኔም በየበዓሉ አዲስ ቃል ይዞ ይቆማል። ልዩነቱ ባኽ ሥራውን በወረቀት ትቶ መሄዱ ነው፤ የባለቅኔው ግን የሰማው ሰው ካልያዘው በስተቀር በዚያው ሌሊት አየር ላይ ይቀራል። በዚህ ምክንያት የጠፋው የግእዝ ቅኔ ብዛት የሚያሳዝን ነው።

የውጭ ሰዎች ይህን ዜማ በኖታ ለመጻፍ የሞከሩት ዘግይተው ነው። ከናፖሊዮን ጦር ጋር ወደ ግብፅ የዘመተው ፈረንሳዊው ጊዮም አንድሬ ቪዮቶ በካይሮ ያገኛቸውን ኢትዮጵያውያን ካህናት እያስዜመ ግእዝን፣ ዕዝልንና አራራይን በአውሮፓ ኖታ ጻፈ። ዜማው ከምልክቱ ጋር ተጣምሮ በሰፊው የተጠናው ግን በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው፤ ኬይ ካውፍማን ሸለማይና ፒተር ጀፈሪ ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ያወጡት ስብስብ ተጠቃሽ ነው።

ወር በገባ በ21 ቀን የማርያም በዓል ሲከበር፣ በመርጡለ ማርያምም ሆነ በሌላ ደብር ማኅሌት የሚቆም አድማጭ አንድ ነገር ልብ ይበል። ከበሮው እስኪመታ ድረስ አይጠብቅ፤ ቁም ዜማውን ከመጀመሪያው ያድምጥ። ቅኔ ሲዘረፍም ወረቀትና እርሳስ የያዘ ሰው በአጠገቡ ካለ ቃሉን ከነባለቅኔው ስም፣ ከነቀኑና ከነደብሩ ይጻፍለት።